መንገዱ ማዶ መብራት አለ

«እናንተ ጋ አለ?»

የዚያ ሳምንት ሰላምታ ይህች ነበረች። ምኑ ተብሎ አይጠየቅም። መብራቱ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጥያቄዋን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃታል። ዳላስ ላይ እሰማታለሁ ያለ ግን አልነበረም። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እዚያም ይጠፋል እንዴ?» ብሎ ሲስቅ እኔም አብሬው ሳቅኩ። ይህ ሰኞ ጠዋት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሲደውል የእኔ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2021፣ በእኛ የካቲት 2013 ነው። ዩሪ የሚባለው የበረዶ ውሽንፍር ቴክሳስን መታ። የክፍለ ግዛቱ 254 ካውንቲዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሥር ገቡ። ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ፎርት ዎርዝ ላይ መንገዱ በስስ በረዶ ተሸፍኖ ከ130 በላይ መኪኖች ተላትመው 6 ሰው ሞቷል። ያኔ መጠርጠር ነበረብን። ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 16፣ የዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ መዘገበ። ከ1949 ወዲህ አካባቢው እንዲህ በርዶ አያውቅም።

እዚህ ያለው ቤት የተሠራው ለሙቀት ነው። ግድግዳው ስስ፣ የውኃ ቧንቧው በጣሪያ ሥርና በውጪው ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ነው። ብዙው ቤት የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ መብራት ጠፋ ማለት ማሞቂያ ጠፋ፣ ምድጃ ጠፋ፣ ቆይቶም ውኃ ጠፋ ማለት ነው።

መብራቱ መቆረጥ የጀመረው ሰኞ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ላይ ነው። የኃይል መረቡን የሚቆጣጠረው ኤርኮት የሚባለው ድርጅት ነው። የቴክሳስ መረብ ከሌላው አሜሪካ የተነጠለ ነው። መስመሩ የክፍለ ግዛቱን ድንበር ተሻግሮ በፌዴራል ቁጥጥር ሥር እንዳይወድቅ ሲሉ ለብቻው አቆዩት። ሲቸግር ከጎረቤት ክፍለ ግዛት የሚበደሩት ኃይል ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እዚህ ላይ ፈገግ ማለት ይፈቀዳል፤ ጎረቤት አልፈልግም ያለ መረብ ነው።

በዚያ ሌሊት የጋዝ ጉድጓዶቹ በረዱ። ጋዝ ሲያንስ ማመንጫዎቹ ቆሙ። መብራት ሲቆረጥ ደግሞ ጋዝ የሚገፉት መሣሪያዎች ራሳቸው ኤሌክትሪክ አጡ፣ ጋዙ ይበልጥ አነሰ። የመረቡ ትርታ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር፣ 60 መሆን አለበት። ከ59.4 በታች ወርዶ 9 ደቂቃ ከቆየ ማመንጫዎች ራሳቸውን ለማዳን አንድ በአንድ ይጠፋሉ፣ አብዛኛው ቴክሳስም ለሳምንታት ጨለማ ሊውጠው ይችላል። ይህ ሊሆን 4 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ ሲቀረው ነው መረቡ የተረፈው። የተረፈውም 20,000 ሜጋ ዋት ያህል በግድ ተቆርጦ ነው። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤት ጨለመ።

የተነገረን «በፈረቃ ነው» ተብሎ ነበር። ፈረቃ የምናውቀው ነገር ነው። ዛሬ እናንተ፣ ነገ እኛ። ግን ፈረቃው አልዞረም። ሆስፒታል፣ እሳት አደጋ ወይም የውኃ ጣቢያ ያለበት መስመር አይቆረጥም። ከእነዚህ ጋር በአንድ መስመር ላይ የተገኘ ቤት በዕድሉ መብራቱ በርቶ ቆየ። የሚቆረጠው ብዙ ስለነበር ደግሞ ተራ የሚለዋወጥበት መስመር አልቀረም። ስለዚህ የጨለመው እንደጨለመ፣ የበራው እንደበራ ቀናት አለፉ። የከተማው መሐል ባዶ የቢሮ ሕንፃዎች ሲያበሩ ማዶ ሕፃን ያለበት ቤት ይበርዳል። ሰው በዚህ ተናደደ፣ እውነት አለው።

ለእኔ ግን የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። እኛ ሠፈር መብራትና ጨለማ ያለዘር፣ ያለሀብት፣ ያለወዳጅነት በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ተከፋፈሉ። ከጨለመው ወደበራው የሚወስደው መንገድ 40 እርምጃ ብቻ ነበር።

ያኔ የምኖረው ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሕንፃችን 12 ቤት አለው። እኛ ጨለምን። ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ያለው ሕንፃ በራ። ከዚያ ሕንፃ ሰው በስሙ የማውቀው አልነበረም። ሁለት ዓመት ኖሬ ማለት ነው። «ሃይ» ብሎ ማለፍ ብቻ።

ሰኞ ማታ አንድ ሜክሲኳዊ ጎረቤት ከማዶው ሕንፃ ምድር ቤት ብርቱካናማ ኤክስቴንሽን ሲጎትት አየነው። ግንባታ ላይ የሚሠራ ሰው ነው፣ ገመዱም የሥራ ገመድ ነው። ሦስቱን ቀጥሎ በበረዶው ላይ ዘርግቶ እኛ ደረጃ ሥር አደረሰው። ጫፉ ላይ ባለብዙ ሶኬት ማከፋፈያ ሰካ። አሥር ዓመት የሚሆናት ሴት ልጁ አስተርጓሚ ሆና አብራው ቆማለች። አባቷ በስፓኒሽ ረጅም ነገር ተናገረ። እሷ አሳጠረችው። «ስልክ ይሰካል። የሽማግሌው የኦክስጅን ማሽን ይሰካል። ማሞቂያ አይሰካም። ገመዱ ይቃጠላል አለ።»

የኦክስጅን ማሽን ያላቸው ምድር ቤት የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ነበሩ። እኛ ከላያቸው እየኖርን አናውቅም። ማዶ ያለው ሰው እንዴት አወቀ? በበጋ በራቸው ክፍት ሲሆን የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ ነው። ማሽኑ የሚፈልገው ኃይል ትንሽ ነው፣ ገመዱ ይችለዋል። ማሞቂያ ግን ከማሽኑ አራት አምስት እጥፍ ይስባል። እንዲህ ያለ ልዩነት የሚያውቅ ሰው ጎረቤት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ደግ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ማሞቂያውን ያሰካን ነበር፣ ሕንፃውም ይነድ ነበር።

ደረጃው ላይ ስምንት ስልክ ተደርድሮ ሲሞላ፣ ሰዉ ብርድ ልብስ ለብሶ ዙሪያውን ቆሞ ሲጠብቅ ለቅሶ ቤት መሰለኝ። ያኔ ነው ስም የተዋወቅነው።

እዚያው ሰኞ ማታ አንዲት የማውቃት ሀበሻ ደወለች። ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው። ተረኛ መምጣት ስላልቻለ ለሁለተኛ ሺፍት አስቀርተዋታል፣ መንገዱም አይነዳም። እናቷ እኛው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ለብቻቸው ናቸው። «እባክህ እማዬን እይልኝ» አለች።

ወጣሁ። እማማ በሩን ሲከፍቱ ጋቢ ደራርበው፣ በነጠላ ተከናንበው ነበር። ከበሩ ሥር ብርድ እንዳይገባ ፎጣ ጠቅጥቀዋል። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለዋል። ረከቦቱ ወጥቷል። ጎኑ ላይ የከሰል ማንደጃ አለ። ሊያቀጣጥሉት ነው።

«እማማ፣ ይሄ እዚህ አይነድም።»

«ከሰል እንደሚመታ እኔ ነኝ የማላውቀው? በረንዳ ላይ አቀጣጥዬ ጭሱ ሲያልቅ ነው የማስገባው።»

አገር ቤት ሁላችንም የተማርነው ይህንን ነው። ጭሱ ካለቀ፣ ፍም ከሆነ፣ አይመታም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ጭስ የሌለው ቀይ ፍም ጭምር ያወጣዋል። አገር ቤት የሚያድነን ቤቱ ነው። በሩ ሥር ክፍተት አለ፣ ጣሪያውና ግድግዳው መሐል ነፋስ ይገባል። የአሜሪካ አፓርታማ ግን የታሸገ ነው። በዚያ ላይ እማማ የቀረችውን ቀዳዳ በፎጣ ደፍነዋታል። እውቀታቸው እውነተኛ ነው፣ የተሠራው ግን ለሌላ ቤት ነው።

እሺ አላሉኝም። «ታዲያ በዚህ ብርድ ያለ ቡና ልሙት?» አሉ። መፍትሔው ማዶ ነበር። ጀበናውን፣ ቡናውን፣ መጥበሻውን ይዘን፣ እማማን በሁለት ሰው ደግፈን፣ 40ዋን እርምጃ በበረዶ ላይ ሩብ ሰዓት ፈጅተን ተሻገርን። የሜክሲኳዊው ባለቤት ምድጃዋን ለቀቀችላቸው። ቡናው ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ልጆቹ ሳቁ፤ ሰውየው ወንበር ላይ ወጥቶ በፎጣ ሲያራግብ እማማ «አይ፣ ይሄማ ጥሩ ምልክት ነው» አሉ። ማንም አልተረጎመላቸውም። ሁለት ሌሊት በማያውቁት ሰው ሶፋ ላይ አደሩ።

ሂውስተን ውስጥ ያለቀው እንዲህ አይደለም። በዚያው ብርድ ከቤታቸው ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው ለመሞቅ ከሞከሩት መሐል የእኛው ሰዎች ነበሩ። እናትና ልጅ ሞቱ። ዜናውን ያነበበ ሀበሻ ሁሉ ያስታውሰዋል። በመላው ቴክሳስ በዚያ ሳምንት ወደ 1,400 የሚሆን ሰው በካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ተመርዞ ሕክምና ፈልጓል። በየቤቱ የጋዙ ማስጠንቀቂያ ይኑር የሚል ለመላው ክፍለ ግዛት የሚሠራ ሕግ አልነበረም። ማስጠንቀቂያው ሱፐር ማርኬት ውስጥ የሚሸጥ ተራ ዕቃ ነው። የእኔም ቤት አልነበረውም።

ስለ ደግነቱ ሌላውን በአጭሩ ልለፈው፣ ብዙ ተወርቶለታልና። ሊያንደር የምትባል ከተማ ኤች ኢ ቢ የተባለው ሱፐር ማርኬት ውስጥ ሰው ጋሪውን ሞልቶ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ሠራተኞቹ ሒሳብ ሳይቀበሉ «በሰላም ግቡ» ብለው ሸኙት። ሂውስተን ላይ ማትረስ ማክ የሚሉት የቤት ዕቃ ነጋዴ፣ እንደ 2017ቱ የሃርቪ ጎርፍ ጊዜ ሁሉ፣ መደብሩን ከፍቶ ሰዉን በሚሸጣቸው አልጋዎችና ሶፋዎች ላይ አሳደረ። ሳውዝ ፓድሬ ደሴት ላይ ደግሞ ሰዉ በብርድ የደነዘዙ የባሕር ኤሊዎችን በመኪናው ጭኖ ወደ መሰብሰቢያ አዳራሽ ወሰደ። ከ4 ሺህ በላይ ኤሊ። አዳራሹ ሙሉ ኤሊ ተደርድሮ የሚያሳየውን ፎቶ እስካሁን ስልኬ ላይ አለኝ።

በተቃራኒው ኮሎራዶ ሲቲ የምትባል የምዕራብ ቴክሳስ ከተማ ከንቲባ ነበር። ማንም ለእናንተና ለቤተሰባችሁ ዕዳ የለበትም፣ ዋኙ ወይም ስጠሙ የሚል ነገር ፌስቡክ ላይ ጻፈ። ቁጣ ሲወርድበት ሥልጣኑን ለቀቀ። ሰውየውን ለመከላከል አይደለም፣ ግን አንድ ነገር ገልጦልናል። በዚያ ሳምንት መንግሥት አልመጣም። እሱ ግን አለመምጣቱን እንደ ሕግ አወጀው፣ ሌላው ደግሞ ገመድ ዘረጋ።

ረቡዕ ውኃ ሄደ። ከ14 ሚሊዮን በላይ ሰው ውኃው ተቋረጠበት ወይም አፍልታችሁ ጠጡ ተባለ። የአፓርታማው የመዋኛ ገንዳ ላይ በረዶው እንደ ጠረጴዛ ረግቶ ነበር። በመዶሻ ሰብረን በባልዲ እየቀዳን ለሽንት ቤት አደልን። በደረጃው ላይ ሰልፍ ሠርተን ባልዲ ስንቀባበል የቀበሌ ቦኖ ውኃ ትዝ አለኝ። እዚያ ወረፋ ነው፣ እዚህ ቅብብል።

የቧንቧ ነገር ተንኮለኛ ነው። ሲበርድ ይሰነጠቃል፣ ግን በረዶው ራሱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የሚፈሰው ሲሞቅ ነው። ዓርብ ፀሐይ ወጣች፣ ሰው ተደሰተ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ጣሪያ ውኃ መዝነብ ጀመረ። የአፓርታማው ቢሮ ስልክ አያነሳም። ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ከ12 ቤት አንድም ሰው አያውቅም። መንገድ ዳር ሣሩ ውስጥ የተቀበረ ክዳን ነው፤ ለመክፈት ረጅም የብረት ቁልፍ ይፈልጋል። ቁልፉን ያመጣው አሁንም ያው ባለገመዱ ነው። እስኪዘጋ ድረስ ግን የሁለት ቤት ጣሪያ ወርዷል። ይህ የማንም ክፋት አይደለም። ክዳኑን በደህናው ቀን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

አሁን የማያስደስተው።

ሰኞና ማክሰኞ በር አንኳኩተናል። በጣም ደስ ብሎን ነበር። ቡና፣ ገመድ፣ ሳቅ። ዓርብ ጣሪያው ሲያፈስ ከሦስተኛው ፎቅ መጨረሻ፣ ባዶ ነው ብለን ከተውነው ቤት፣ አንድ ወጣት ወጣ። ከሌላ ከተማ ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሰው አያውቅም። አራት ቀን በጨለማ ብስኩት እየበላ፣ ያለውን ልብስ ሁሉ ደራርቦ ተኝቶ ነበር። ጣቶቹ አብጠዋል። «ድምፃችሁን እሰማ ነበር። ቤተሰብ የምትሆኑ መስሎኝ» አለ።

አሥራ ሁለት በር ነው። አሥራ አንዱን አንኳኩተን አንዱን ዘለልን። ማን ዘለለ? ማንም። የሚቆጥር ሰው አልነበረም። እያንዳንዳችን የምናውቀውን ሰው አየን፣ የማያውቀንን ግን ማንም አላየም። የጎረቤት ርዳታ ሲመሰገን ይህ ጎኑ አይነገርም። በመተዋወቅ ላይ ስለሚሄድ የማይታወቀውን ሰው ይዘላል።

የቴክሳስ ጤና መሥሪያ ቤት በኋላ የቆጠረው 246 ሞት ነው። ከዚህ ውስጥ 161ዱ በብርድ ነው። በካርቦን ሞኖክሳይድ 19። በመኪና አደጋ 22። የቀረው ነባር ሕመም ተባብሶ፣ በእሳትና በመውደቅ። ስለ ውሽንፍር ስናስብ ዛፍ ሲወድቅ፣ መኪና ሲገለበጥ ይታየናል። ከሦስቱ ሁለቱን የገደለው ግን ዝም ያለ ብርድ ነው።

እኛ ሀበሾች በዚህ ጉዳይ የምንኮራበት ነገር አለን፣ ዕድር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ማኅበር። ኩራቱ ውሸት አይደለም። በዚያ ሳምንት ገንዘብ በስልክ እየተላከ ነበር፣ ሰውም እየተጠያየቀ ነበር። ችግሩ ርቀቱ ነው። ይህ ከተማ ስፋቱ ስፋት ነው። የዕድሬ ሊቀ መንበር ከእኔ 35 ኪሎ ሜትር ርቀው ነው የሚኖሩት። መንገዱ ሲዘጋ 35 ኪሎ ሜትርና ጎንደር አንድ ናቸው። ዕድር አገር ቤት የሠፈር ነው፤ ድንኳኑም ሰዉም በእግር ይመጣል። እዚህ በመኪና የሚደረስበት ሆነ፣ መኪናው ሲቆም አብሮ ቆመ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለውን ተረት በልተን ጠጥተን ስናወራው እንኖራለን፤ የቅርቡን ጎረቤት ስም ግን አናውቅም። እኔ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቶሎ ልበል። በ2021 ጁን ማመንጫዎች ለብርድ እንዲዘጋጁ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። በ2011ም ተመሳሳይ ብርድ መትቶ ተመሳሳይ ምክር ተጽፎ ነበር፣ ሰሚ አላገኘም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በጁላይ 2024 ደግሞ ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ሂውስተንን መትቶ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት አጣ። በዚህኛው ጊዜ ገዳዩ ሙቀቱ ነበር። ሂውስተን ያለች ዘመዴ ስትደውል የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር «ኤክስቴንሽን ስንት ቢቀጠል አይቃጠልም?» የሚል ነበር። ፍሪጅ ብቻ ስኪ፣ ኤሲ አትስኪ አልኳት። ቃሉ የእኔ አይደለም፣ የአሥር ዓመቷ ልጅ ነው።

እኛ ሕንፃ ላይ ከውሽንፍሩ በኋላ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፣ ፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ። የቤት ቁጥር፣ ስም፣ ለብቻው የሚኖር፣ ማሽን የሚጠቀም፣ የቧንቧ ቁልፍ ያለው። የጻፈው ያ የዘለልነው ወጣት ነው። የራሱን ቤት አንደኛ ላይ ጻፈ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ12ቱ 5ቱ ቤት ቀየሩ፣ አዳዲሶቹ ስማቸውን አልሞሉም፣ ወረቀቱም በፀሐይ ነጣ። እኔም በ2023 ወጣሁ። ስወጣ የእኔን መስመር በእስክርቢቶ ሰርዤ የቧንቧውን ቁልፍ ማዶ ላለው ሰው መለስኩ። ልጁ በሩን ከፍታ «እማማ እንዴት ናቸው?» አለችኝ። በአማርኛ ነው፣ «እማማ» የሚለው ብቻ።